አጭር ነኝ፣ ቦርጭም አለኝ፣ ለጥር ሚዜ ነኝ፦ ምን ዓይነት ኮት ልልበስ?

የማርቆሱ ሚዜ (ታኅሣሥ 2)

ሰላም ያገሬ ልጆች። የልብ ጓደኛዬ ጥር ላይ ያገባል፣ እኔ አንደኛ ሚዜ ነኝ። ስድስት ነን። አምስቱ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ያሉ ናቸው። እኔ 1 ሜትር ከ66 ነኝ፣ ኪሎዬ 82፣ ቦርጬ ከኔ ቀድሞ በር የሚገባ ነው። ትከሻዬ ደግሞ ቁልቁል የወረደ።

ሙሽራው "ሁላችንም አንድ ዓይነት ስሊም እንልበስ" ብሎ ፎቶ ላከልን። ባለ አንድ ቁልፍ፣ መቀመጫ የማይሸፍን አጭር፣ ኮሌታው እንደ ክር የቀጠነ። እዚሁ ማርቆስ አንድ ሱቅ ገብቼ ሞከርኩት። ተቆለፈልኝ፣ መተንፈስ እስክጀምር። ባለሱቁ ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ አመጣ። አሁን ሆዴ ገባ፣ ግን ትከሻው ክንዴ ላይ ወደቀ፣ እጅጌው ጣቴን ሸፈነው። መስታወት ውስጥ የቆመው የአባቱን ኮት ሰርቆ የለበሰ ተማሪ ነው። ባለሱቁ "ልክክ ብሎልሃል" አለኝ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

እና ምን ይሻለኛል? ደብል ብረስት (ደረት ላይ ተደርቦ፣ ቁልፉ በሁለት ረድፍ የሆነው) ቦርጭ ይሸፍናል የሚሉኝ አሉ። ጥቁር ያሳጥራል፣ ጥቁር ያቀጥናል የሚሉም አሉ። ግራ ገባኝ።

ጓያ በል (ታኅሣሥ 2)

ቡሉኮ ልበስ። ለሁሉም ይሆናል፣ ቁጥርም የለው።

የማርቆሱ ሚዜ (ታኅሣሥ 2)

ሳቄ መጣ። ግን እውነት አማክሩኝ እባካችሁ።

መርፌና ክር (ታኅሣሥ 2)

ወንድሜ ሰላም። እኔ ባሕር ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስህተቱ አንተ ጋ አይደለም፣ ባለሱቁ ጋ ነው። ለሆድህ ብሎ ቁጥር ከፍ አደረገልህ። ኮት በሆድ አይመረጥም። በትከሻ ነው የሚመረጥ።

ለምን ብትል፣ ወገብ ይጠባል፣ ይሰፋል። እጅጌ ያጥራል። ትከሻን ግን ለማስተካከል እጅጌውን መፍታት፣ ስፖንጁን ማውጣት፣ ኮሌታውን ሁሉ መነካካት ይጠይቃል፣ ጨርሶም ብዙ ጊዜ እንደነበረ አይመለስም። እኔ ራሴ "ትከሻ አጥብብልኝ" ተብሎ የመጣ ኮት ብዙ ጊዜ መልሼ ልኬያለሁ። ገንዘቡን ጠልቼ አይደለም።

እንዲህ ሞክር። ኮቱን ልበስና ግድግዳ አጠገብ በጎንህ ቁም፣ ቀስ ብለህ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ከክንድህ በፊት ግድግዳውን የነካው የኮቱ ትከሻ ከሆነ ሰፍቶሃል። ክንድህ ቀድሞ ነክቶ እጅጌው ላይ ከትከሻው ሥር ጎድጎድ ካለ ደግሞ ጠቦሃል። ስፌቱ የትከሻህ አጥንት ሲያልቅ ማለቅ አለበት። በቃ።

ሆድህን በተመለከተ፣ ኮቱን ገልብጠህ የጎኑንና የጀርባውን ስፌት ከገበሩ በኩል ዳብሰው። ትርፍ ጨርቅ ካለው ይለቀቃል። ጥሩ ኮት ላይ ሁለት ሦስት ሳንቲም ሜትር ትርፍ አይጠፋም። ርካሹ ላይ ግን ስፌቱ ጥግ ድረስ ተቆርጦ ታገኘዋለህ፣ እሱን ማንም ሰፊ አያሰፋልህም።

የማርቆሱ ሚዜ (ታኅሣሥ 3)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የግድግዳውን ሞከርኩት፣ ቤት ያለኝ የምርቃት ኮቴም ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም! ታዲያ ስታይሉስ? አንድ ቁልፍ ወይስ ሁለት?

መርፌና ክር (ታኅሣሥ 3)

ሁለት ቁልፍ። ላይኛውን ብቻ ትቆልፋለህ፣ ታችኛው ክፍት ይሆናል። ላይኛው ቁልፍ ከእምብርትህ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ለምን? ኮሌታው ከአንገትህ እስከዚያ ቁልፍ ድረስ የሚሠራው ማዕዘን ነው ዓይን የሚያርፍበት። ቁልፉ እምብርት ላይ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሆድህ መሐሉ ላይ ይቀመጣል። በጣም ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ ከቁልፉ በታች ኮቱ እንደ ድንኳን ይከፈታል።

ርዝመቱን የሱቅ ልጅ አይወስንልህ። ከአንገትህ ሥር፣ ከኋላ ከምትዳስሳት አጥንት ጀምሮ እስከ መሬት ለካ፣ ለሁለት ክፈለው። አንተ በቁመትህ 142 ሳንቲም አካባቢ ትሆናለህ፣ ስለዚህ ኮትህ 71 ገደማ ነው። አጭር ስለሆንክ አንድ ሳንቲም ብትቀንስ እግርህ ይረዝማል። ከዚያ በላይ ቀንሰህ መቀመጫህ ከታየ ግን ከኋላ ሁለት ሰው ትመስላለህ፣ ላይኛው ሌላ ታችኛው ሌላ።

ቁልቁል ትከሻህ ደግሞ መፍትሔ አለው። ቀጭን ስፖንጅ ይገባበታል። ስፖንጅ ስልህ ሁለት ጣት የሚያህለውን አይደለም፣ እሱ ጭንቅላትህን ትንሽ ያደርገዋል። ኮሌታውንም ጫፉ ወደ ትከሻ ሽቅብ የሚያመለክተውን ዓይነት ብታደርገው ዓይን ወደ ላይ ይሄዳል። ስፋቱ መካከለኛ ይሁን፣ ስምንት ተኩል ሳንቲም በቂ ነው። ያ ክር የሚያህለው ኮሌታ ለአንተ አይሆንም፣ ሰፊ ደረት ላይ ቀጭን ኮሌታ ሲቀመጥ ደረቱ ይበልጥ ይሰፋል።

ቀጭኔ ከቡሬ (ታኅሣሥ 3)

ሁልጊዜ የቦርጫም ወሬ። እኔ 1 ሜትር ከ88 ነኝ፣ 64 ኪሎ። ኮት ስለብስ መስቀያው ላይ እንዳለ የተሰቀለ ነው የሚመስለው። ጓደኞቼ "ኮቱ ብቻውን መጣ" ይሉኛል። ለእኛስ ማን ይናገር?

ጓያ በል (ታኅሣሥ 3)

አንተና ባለ ቦርጩ ብትደባለቁ ሁለት ሙሉ ሰው ይወጣችኋል።

እታለም የዳንግላዋ (ታኅሣሥ 3)

ቀጭኔ፣ የኔም ባል እንዳንተ ነው፣ ሎጋ ቀጫጫ። አራት ዓመት ያለበስኩት እኔ ነኝና ልንገርህ። ቀጫጭን ወንዶች ስሊም ስሊም ይላሉ፣ ስሊም ግን ያለህን ቅጥነት አጉልቶ ያሳያል። ሰፊ ደግሞ ይውጥሃል። መሐሉን ነው የምትፈልገው፣ ወገቡ ገባ ያለ ግን ሰውነት ላይ ያልተለጠፈ። ጨርቁ ትንሽ ወፈር ይበል። ለእሱ ግራጫ ዳማ ዳማ መስመር ያለበት አሰፋሁለት፣ ኪሶቹ ከላይ የተለጠፉ። አምስት ኪሎ የጨመረ መሰለ። እናቱ "አሁን ገና ማብላት ጀመርሽ" አሉኝ።

ቀጥ ያለ ወደ ታች መስመር ያለው ጨርቅ ግን ለአንተ አይሆንም። እሱን ለማርቆሱ ሚዜ ተውለት።

መርፌና ክር (ታኅሣሥ 3)

እህቴ እጅሽ ይባረክ፣ ሥራዬን ቀማሽኝ እኮ። አንድ ልጨምር፣ ቀጭኔ፣ ደብል ብረስት የተፈጠረው ላንተ ነው። ደረት ላይ ጨርቅ በጨርቅ ይደርባል፣ ኮሌታውም ሰፊ ነው፣ ቀጭን ሰውን ይሞላዋል። ረጅም ስለሆንክ ባለ ሦስት ቁልፍም ይሄድብሃል። እጅጌህን ግን ተጠንቀቅ። ረጅም ሰው ላይ ሁልጊዜ የሚያጥረው እጅጌ ነው። የእጅ አንጓህ አጥንት ላይ ይለቅ፣ ከሥሩ የሸሚዝህ አንድ ሳንቲም ይታይ።

ባላገሩ 21 (ታኅሣሥ 4)

አልስማማም። ደብል ብረስት ለወፍራምም ይሆናል። አባቴ ወፍራም ነበር፣ ትልቅ ሰው ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ ባለ ስድስት ቁልፍ ነው የለበሰው። ሲቆም ግርማ ነበረው። ድሮ ፎቶ ላይ የምታዩአቸው ባለሥልጣናት ሁሉ እንደሱ ናቸው።

መርፌና ክር (ታኅሣሥ 4)

አባትህ ነፍሳቸውን ይማር። ልክ ብለሃል፣ በልካቸው ለሰፊ ሰጥተው ስላሰፉ ነው። በልክ ከተሰፋ ወፍራም ሰውም ያምርበታል፣ በተለይ ቁመት ካለው። ተሰፍቶ ያለቀ ከሱቅ ብትገዛ ግን ሆድህ ላይ የተደረበው ጨርቅ ይነፋል፣ ሁለቱ ረድፍ ቁልፍ ደግሞ ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ የሆድን ስፋት ለክቶ ያሳያል። ሌላም አለ። ደብል ብረስት ተቀምጠህ ክፍት ብታደርገው አንዱ ጎን ጭንህ ላይ ይንጠለጠላል። ተቆልፎ ነው የሚውል። ሚዜ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይበላል።

ባላገሩ 21 (ታኅሣሥ 4)

አባቴም ይበላ ነበር። አሁንም አልስማማም፣ ግን ስለ መቀመጡ እውነት ነው፣ ሲቀመጥ ሲያቃስት ትዝ ይለኛል።

የጨርቅ ተማሪ (ታኅሣሥ 4)

ሰላም፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት ነው የምማረው። የቁጥሩን ነገር ማንም ስላላነሳ ልግባ፣ ምክንያቱም የማርቆሱ ልጅ ችግር ግማሹ እሱ ነው።

ኮት ላይ 50፣ 52፣ 54 እያለ የሚሄደው የአውሮፓ ቁጥር የደረትህ ዙሪያ በሳንቲም ለሁለት ተካፍሎ ነው። ደረትህ 100 ከሆነ 50 ነህ፣ 104 ከሆነ 52። 38፣ 40፣ 42 የሚለው የእንግሊዝ ደግሞ ደረት በኢንች ነው። 40 ኢንች 102 ሳንቲም ገደማ ይመጣል፣ ስለዚህ የእንግሊዝ 40 እና የአውሮፓ 50 እንደ አንድ ይቆጠራሉ። አሥር ቀንስ ወይ ጨምር ማለት ነው። ከቁጥሩ አጠገብ የምታዩት ፊደል ቁመት ነው፣ ኤስ አጭር፣ አር መደበኛ፣ ኤል ረጅም። እዚህ አገር ሱቅ ውስጥ ኤስ የተጻፈበትን "ስሞል" ነው ብለው የሚሸጡ አጋጥመውኛል። ስሞል አይደለም። 52 ኤስ ማለት ሰፊ ደረት ያለው አጭር ሰው ነው፣ ማለትም አንተ!

ሌላው ሱሪው ነው። ኮትና ሱሪ አብሮ ሲሸጥ ፋብሪካው ወገብህን በግምት ነው የሚሠራው። በተለመደው ልክ ሱሪው ከኮቱ በስድስት ኢንች ያንሳል። ደረትህ 104 ከሆነ ኮትህ 52፣ በእንግሊዝ 42 ነው፣ ስለዚህ ወገብህ 36 ኢንች፣ ማለትም 91 ወይ 92 ሳንቲም ነው ብሎ ይገምታል። ወገብህ ስንት ነው?

የማርቆሱ ሚዜ (ታኅሣሥ 4)

ደረት 104። ወገብ 103።

ዝም በሉ። አትሳቁ።

ጓያ በል (ታኅሣሥ 4)

ማን ሳቀ። አንተ በርሜል ነህ፣ በርሜል ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፣ ለመስፋት ይቀላል።

የጨርቅ ተማሪ (ታኅሣሥ 4)

ስለዚህ ሙሉውን ከሱቅ መግዛት ለአንተ ኪሳራ ነው። ወይ ኮትና ሱሪ ለየብቻ በተለያየ ቁጥር የሚሸጡበት ፈልግ፣ ወይ አሰፋ።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ሙሉ ፖሊስተር አትውሰድ። ላብ አያስወጣም፣ ሱሪው በጭኑ ያብረቀርቃል፣ ካውያ በቀጥታ ከነካው ደግሞ ኮቱም ያበራል። ሱፍ ወይም አብዛኛው ሱፍ የሆነ ድብልቅ ይሻላል። ማርቆስ እንደ ባሕር ዳር አይሞቅም፣ ጥር ላይ ማታ ይበርዳል፣ ስለዚህ በሜትር ካሬ ከ260 እስከ 300 ግራም የሆነው ልክ ነው። ባሕር ዳር ለሚያገቡት ቀለል ያለው ይሻላቸዋል፣ ገበሩም ጀርባው ላይ ግማሽ ብቻ ቢሆን። "ሱፐር 120" የሚባለውን ደግሞ አትደንግጡለት። የሱፉን ፀጉር ቅጥነት ነው የሚናገር። ከፍ ባለ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ግን ቶሎ ይጨማደዳል፣ ቶሎም ያልቃል። ለሚዜ 100 ወይ 110 ይበቃል።

እታለም የዳንግላዋ (ታኅሣሥ 4)

ወንዶች ፊት ለፊት ብቻ ነው መስታወት የምታዩት። እኛ ከኋላ ነው የምናያችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትቆሙ፣ ስትጨፍሩ፣ ስትሄዱ። ባሌ ሲሞክር በስልክ ከኋላ አነሳዋለሁ። ከኮሌታው በታች የሚተኛ እጥፋት ካለ ትከሻው ለእሱ አልተሠራም ማለት ነው። ቁልፉ ላይ ኤክስ የሚመስል ጭምድድ ከወጣ ጠቦታል። ኮሌታው ከሸሚዙ አንገት ተለይቶ ክፍተት ካሳየ አልገዛም፣ ቢለምነኝም። በተቆለፈው ቁልፍና በሆዱ መሐል ጭብጤ በደንብ መግባት አለበት፣ ሁለት ጭብጥ ከገባ ደግሞ ሰፍቷል።

እና ወንድሜ ከኋላ መሰንጠቂያውን እይ። አንድ ብቻ መሐል ላይ ያለው መቀመጫ ትልቅ የሆነ ሰው ላይ ተከፍቶ ይቀራል። በሁለት ጎን የተሰነጠቀው እጅህን ኪስ ውስጥ ስትከት እንኳ መቀመጫህን አያጋልጥም።

ፈረሰኛው ከእንጅባራ (ታኅሣሥ 4)

ቆይ፣ የመሐሉ መሰንጠቂያ እኮ ለፈረስ ጋላቢ ነው የተፈጠረው! ኮርቻ ላይ ስትቀመጥ ኮቱ ግራና ቀኝ እንዲወርድ። ስለዚህ እሱ የኛ ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ኑ፣ የት እንደሚያምር ታያላችሁ።

ጓያ በል (ታኅሣሥ 4)

አንተ ፈረስ ላይ ኮት ለብሰህ ታውቃለህ?

ፈረሰኛው ከእንጅባራ (ታኅሣሥ 4)

አንድ ጊዜ። ሱሪው ነው የተቀደደው፣ ኮቱ ደህና ነበር።

ሰልባጅ ንጉሥ (ታኅሣሥ 5)

ማንም ሰልባጅን አላነሳም፣ ሁላችሁም ሀብታም ሆናችሁ መሰለኝ። እኔ ሦስት ሱፍ ልብስ አለኝ፣ ሦስቱም ሰልባጅ ናቸው። አዲሱ ፖሊስተር የሚሸጥበት ገንዘብ ተርፎህ እውነተኛ ሱፍ ታገኛለህ። ግን ዓይን ይፈልጋል። ወደ ፀሐይ ዘርግተህ ብል የበላው ቀዳዳ እይ። ብብቱን አሽት፣ ላብ የጠጣ ገበር ብታጥበውም አይለቅም። ከቁልፉ በታች ደረቱን በሁለት ጣት ቆንጥጠህ ውጩንና ውስጡን ጨርቅ ለያየው፣ መሐል ላይ ሦስተኛ ጨርቅ ብቻውን ሲንሸራተት ከተሰማህ አትልቀቀው፣ በስፌት የተሠራ ነው። ሁለቱ ተጣብቀው ከመጡ በሙጫ የተለጠፈ ነው፣ እሱ ሲቆይና ሲታጠብ እንደ ቆዳ በሽታ ፊኛ ያወጣል።

ትከሻው ከገባልህ ግዛና ለሰፊ ውሰድ። የሚዜ ጉዳይ ስለሆነ ግን ስድስት አንድ ዓይነት አታገኝም፣ ይህን አውቃለሁ።

የማርቆሱ ሚዜ (ታኅሣሥ 5)

ሙሽራውን ዛሬ አናገርኩት። መጀመሪያ "አንተ ሁሌ ልዩ መሆን ነው የምትፈልገው" አለኝ። ከዚያ ያንን የሱቅ ኮት ለብሼ በስልክ አሳየሁት። ትንሽ ዝም አለ። "እሺ፣ ቀለሙ አንድ ይሁን እንጂ ልኩን እንዳሻህ" አለኝ። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሊሰፋልኝ የተስማማ ሰውም አገኘሁ።

መርፌና ክር (ታኅሣሥ 5)

ጥሩ ቀለም ነው፣ ከጥቁር ይሻልሃል። አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሰማያዊ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሌላ ጥቅል የተቆረጠ ሰማያዊ ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስልሃል፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ስትቆሙ አንተ ሌላ ሆነህ ትወጣለህ። ከአምስቱ የአንዱን ሱሪ ተውሰህ ይዘህ ሂድ፣ ከሱቁ በር ውጣና ሁለቱን ጨርቅ ፀሐይ ላይ አስተያይ። አምፖል አትመን።

ልኬት ስትሰጥ በዕለቱ የምትለብሰውን ሸሚዝና ጫማ አድርግ። ሆድህን አትሳብ! ሁሉም ይስባል። ከዚያ በኮቱ ተነፋፍቶ ይመጣና "አጠበብክብኝ" ይለኛል። ለመጀመሪያ ልክ ገበሩ ሳይገባ፣ በነጭ ክር ብቻ ተይዞ ሞክር። ሰፊው "አያስፈልግም፣ እኔ አውቃለሁ" ካለህ ወጥተህ ሂድ። አንዱ ትከሻህ ዝቅ የሚል ከሆነም ንገረው። እኛ አገር ዱላ ተሸክሞ ያደገ ሁሉ ትከሻው እኩል አይደለም፣ በአንዱ በኩል ትንሽ ስፖንጅ ሲጨመር ይስተካከላል።

ቀጭኔ ከቡሬ (ታኅሣሥ 6)

እኔ ትናንት ደብሉን ሞከርኩ። ጋሼ መርፌና ክር፣ እንዴት እንደማመሰግንህ አላውቅም። እህቴ አላወቀችኝም።

እስክስታ ዋናው (ታኅሣሥ 9)

ዘግይቼ መጣሁ ግን ማንም ያላነሳው ትልቅ ነገር አለ። ይሄ የጎጃም ሠርግ ነው! ሚዜ ቆሞ ፎቶ አይነሳም ብቻ፣ ትከሻ ይመታል። ባለፈው ዓመት የወንድሜ ሠርግ ላይ ሁላችንም በስሊም ነበርን። ጭፈራው ሲሞቅ ሁለት ልጆች ብብታቸው ላይ ተተረተረ፣ የአንዱ ቁልፍ ተፈናጥሮ የሙሽሪት አክስት ሰሃን ውስጥ ገባ። አልዋሽም።

ስለዚህ መስታወት ፊት እንደ ሐውልት አትቁሙ። እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉና ትከሻችሁን ምቱ፣ ዝለሉም፣ ባለሱቁ ይሳቅ።

መርፌና ክር (ታኅሣሥ 9)

እግዜር ይስጥህ፣ ይሄን ሳልናገር መቅረቴ አሳፈረኝ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። "ለጭፈራ እንዲመቸኝ ብብቱን አስፋልኝ" ይላሉ። ተቃራኒው ነው። የብብቱ ዙሪያ ዝቅ ብሎ ሰፊ ከሆነ ክንድህን ስታነሳ ኮቱ በሙሉ አብሮ ይነሳል፣ ኮሌታው ጆሮህ ጋ ይደርሳል፣ ሆድህም ይገለጣል። ብብቱ ወደ ላይ ተጠግቶ ጠበብ ካለና እጅጌው ራሱ ከላይ ሰፋ ካለ ክንድህ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፣ ኮቱ ቦታው ላይ ይቀራል። የማርቆሱ ልጅ፣ ለሰፊህ "ብብቱን ከፍ፣ እጅጌውን ሰፋ" በለው። ጀርባውም ላይ ትከሻና ትከሻ መሐል አንድ ጣት የሚያህል ትርፍ ይተውልህ፣ ስትቆም በብብትህ ጥግ ቁልቁል ትተኛለች፣ ማንም አያያትም።

አሁን ፋብሪካ የሚሠራው አብዛኛው ብብቱ ዝቅ ያለ ነው፣ አንድ ቁጥር ለብዙ ዓይነት ሰው እንዲሆን።

ባላገሩ 21 (ታኅሣሥ 9)

የአባቴ ኮት እንደዚያ ነበር! ሲጨፍር ኮቱ ንቅንቅ አይልም። ስለ ደብል ብረስት አሁንም አቋሜን አልለወጥኩም።

የጨርቅ ተማሪ (ታኅሣሥ 10)

ታችኛውን ቁልፍ ክፍት የመተው ነገር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ወፍሮ የታችኛው አልቆለፍ ስላለው ነው ይባላል፣ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ተከተለው። የማርቆሱ ሚዜ፣ በታሪክ ብቻህን አይደለህም።

የማርቆሱ ሚዜ (ጥር 20)

ተመልሻለሁ! ሠርጉ አለፈ።

መጀመሪያ ልክ ሄጄ ሆዴን ሳብኩ። አዎ፣ ተነግሮኝም ሳብኩ። ሰፊው ዝም ብሎ ሜትሩን ይዞ ጠበቀኝ፣ እኔ ትንፋሽ አጥቼ እስክለቅ፣ ከዚያ ለካ። ሁለት ቁልፍ፣ ሽቅብ የሚያመለክት ኮሌታ፣ በሁለት ጎን የተሰነጠቀ፣ 70 ሳንቲም። ግራ ትከሻዬ ዝቅ ይላል አለኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አላውቅም ነበር። ብብቱን ከፍ በል ስለው ቀና ብሎ አየኝና "ማን ነገረህ?" አለኝ። ደስ ብሎት ነው።

ቀለሙ ፀሐይ ላይ አስተያይቼ የገዛሁት ቢሆንም ትንሽ ጠቆር ብሎ ነበር። ሙሽራው ግን ወደ መሐል አቆመኝና "አንደኛ ሚዜ ስለሆነ ነው" እያለ ለሰው ሁሉ አወራ። ጭፈራው ላይ አምስቱም ባሕር ዛፎች ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ። እኔ እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት ለብሼ ጨፈርኩ። የሙሽሪት አባት ጠሩኝና ጨርቁን በጣታቸው እያሹ "ይኸ ልጅ ልብሱን ነው የለበሰው፣ እነዚያን ልብሱ ነው የለበሳቸው" አሉ።

ፎቶ ማታ አያይዛለሁ። ከኋላ የተነሳሁትም አለ፣ እታለም እንድታይልኝ።

እታለም የዳንግላዋ (ጥር 20)

በል ቶሎ። ኮሌታውን ነው መጀመሪያ የማየው።

መርፌና ክር (ጥር 20)

እንኳን ደስ አለህ። ስትሰቅለው ሰፊ የእንጨት መስቀያ ተጠቀም፣ በሽቦ አትስቀለው፣ የለፋንበትን ትከሻ ያጠፋዋል። በየጊዜው ላውንደሪ አትስጠው፣ ብሩሽ አድርገህ አየር ላይ አውለው። ስትተኩሰው እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርግበት።

እታለም የዳንግላዋ (ጥር 21)

አየሁት። ከኮሌታው ሥር አንድም እጥፋት የለም፣ መሰንጠቂያውም ተገጥሟል። ግን ወንድሜ፣ ሱሪው ጫማው ላይ ሦስት ጊዜ ተቆልሏል! አጭር ሰው ሱሪ አያስረዝምም እኮ። ደግሞ ያ ሹል ጫማ ምንድን ነው?

የማርቆሱ ሚዜ (ጥር 21)

ስለ ሱሪ ማንም አልነገረኝም!! ጫማው የወንድሜ ነው።

ጓያ በል (ጥር 21)

ለጫማው ሌላ ርዕስ ክፈት። እኔ ሸበጥ እላለሁ።